35 ካየህ ፍሬን ነው

ጥር 1994 ዓ.ም. ነበር። የግማሽ ዓመት ፈተና ጨርሰን ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ዕድሜዬ ዐሥራ አራት ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትሩን በአውቶቡስ ስንጓዝ ጭኔ ላይ መጀመሪያ በጋዜጣ፣ ከላዩ ደግሞ በጆንያ የተጠቀለለ ብረት ይዤ ነበር። ዘይቱ ሁለቱንም አልፎ ሱሪዬን አርሶታል። አጎቴ አጠገቤ ተቀምጦ አውቶቡሱ ሰው ሊያወርድ በቆመ ቁጥር እጁን ዘርግቶ ብረቱን ይዳስሳል። ሸኖ ላይ ሌላው ሰው ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ እኛ አልወረድንም። «ናሙናው ከጠፋ ሁሉም ነገር ጠፋ» አለኝ።

ናሙናው የኡራል የጦር መኪና የፊት ግራ ጎማ የፍሬን ሲሊንደር ነው። ከጡጫ ትንሽ ከፍ የሚል፣ በሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ ቁራጭ ብረት። ውስጡ በግራና በቀኝ ፒስተን ይቀመጣል፤ ከየፒስተኑ ጀርባ ጎሚኒ አለ። ዘይቱ በመሐል ገብቶ ሲገፋ ፒስተኖቹ ወደ ውጭ ይወጡና የፍሬኑን ሸራ ከታምቡሮው ጋር ያጣብቁታል። ሥራው ይኸው ብቻ ነው። ባዶውን ከስምንት ቶን በላይ የሚመዝነውን መኪና ከነጭነቱ ቁልቁለት ላይ የሚይዘው በየጎማው ውስጥ የተደበቀ እንዲህ ያለ ቁራጭ ብረት መሆኑን ያን ቀን ነው የተረዳሁት።

ነገሩ የተጀመረው ከሳምንት በፊት ነው። ከደብረ ብርሃን የባሕር ዛፍ አጠና ጭነን ወደ ሸዋ ሮቢት እየወረድን ነበር። ጣርማ በርን ያየ ሰው አይረሳውም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቦረቦረው ዋሻ ውስጥ በደጋው በኩል ተገብቶ በሌላው ጫፍ ሲወጣ ምድሪቱ ከፊት ለፊት ድንገት ትጎድላለች። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ የተነሳው መንገድ ሸዋ ሮቢት እስኪደርስ ወደ 1,300 ሜትር ግድም ዝቅ ይላል። ጉም ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜም አለ፣ የሚታየው የራስ መኪና አፍንጫ ብቻ ነው። ጋሼ፣ አጎቴን እንዲያ ነበር የምጠራው፣ ዋሻው ከመድረሱ በፊት ሁልጊዜ ይቆማል። ወርዶ የስድስቱንም ጎማ የአየር መዝጊያ ይዘጋል። ኡራል እየሄደ ጎማውን ራሱ የሚነፋ መኪና ነው፤ ጎማውን የሚነፋውና ፍሬኑን የሚገፋው አየር ከአንድ ምንጭ ስለሚወጣ፣ አንድ ጎማ ቢፈነዳ የፍሬኑን አየር እንዳይበላው ነው። ከዚያ ተመልሶ ይወጣና ከባድ ማርሽ ያስገባል። «ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» የሱ ሕግ ነው።

ደብረ ሲና ከታች መታየት ሲጀምር የተቃጠለ ሸራ ሽታ መጣ። ጋሼ አንገቱን ቀና አድርጎ አሸተተ። በተራ የዘይት ፍሬን ቢሆን ኖሮ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጥና እግር ራሱ ይናገር ነበር። የኡራል ፔዳል ግን የሚከፍተው የአየር በር ብቻ ነው፤ አየሩ ሄዶ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ ደግሞ ሸራውን። ዘይቱ አልቆ እንኳ ቢሆን እግር ሥር ያለው ፔዳል እንደ ጤነኛ ነው የሚረገጠው። መኪናው ታሞ አይነግርህም። ጋሼ ያወቀው በአፍንጫውና በወንበሩ ነው፤ ሲረግጥ ወንበሩ ወደፊት የሚገፋው አነሰበት። ምንም አልተናገረም። ማርሹን ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ አወረደ፤ ኡራል ዘይቱን በሁለት ከፍሎ ስለሚገፋ የቀረችውን ግማሽ ፍሬን እየቆጠበ ረገጠ፤ የመኪናውን አፍንጫ ተራራው በተቆረጠበት አፈር ላይ ቀስ ብሎ አስደገፈው። «ታኮ!» ሲል እኔ ታኮውን ይዤ በአየር ላይ ነበርኩ።

ስንወርድ የፊት ግራ ጎማ ውስጡ በዘይት ርሷል። ጋሼ ኮፈኑን በመዳፉ ነካ አድርጎ ጎማው አጠገብ ተቀመጠ፤ ሞተሩ እስኪበርድ ድረስ አንድ ቃል አልወጣውም።

ኡራልን ያወቀው በውትድርና ነው። ሶቪየት ኅብረት በኅዳር 1970 ዓ.ም. የጦር መሣሪያና ተሽከርካሪ በአየርና በባሕር ማጋዝ ስትጀምር እሱ ገና ጢሙን ያልላጨ ሹፌር ነበር። ከሩሲያዊ አስተማሪ በአስተርጓሚ ተማረ። ከካራማራ ማዶ ውኃና ጥይት አመላልሷል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ደብረ ብርሃን ተመልሶ ሰባት ዓመት ያህል የሰው መኪና ነዳ፤ ከዚያ ከሁለት የቀድሞ ጓዶቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ከጨረታ አንድ የቆመ ኡራል ገዛ። እሱ የነዳው መኪና አልነበረም። በሩን ከፍቶ ገብቶ መሪውን ሲይዝ ግን እንደ ጠፋ ዘመዱ አድርጎ እንዳቀፈው እናቴ ትናገራለች።

መኪናው 375ዲ የሚባለው ነው። ፋብሪካው በኡራል ተራሮች ሥር ሚያስ በምትባል ከተማ ይገኛል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ጦር ወደ ሞስኮ ሲጠጋ ከሞስኮ ተነቅሎ በተወሰደ ማሽን የተተከለ ሲሆን፣ መኪና ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። ስድስቱም ጎማ ይገፋል። ሞተሩ ስምንት ሲሊንደር፣ ሰባት ሊትር፣ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ቤንዚን ጠጪ ነው፤ በመቶ ኪሎ ሜትር ከ50 ሊትር በላይ ይጨርሳል። ድምፁ ጉም ውስጥ ከሩቅ ይለያል፤ ሠፈራችን ሳይደርስ እናቴ ሽሮ ትጥድ ነበር።

ሶማሌ ተራ የገባነው ረፋዱ ላይ ነው። መርካቶን ብዙ ሰው በጨርቁና በቅመሙ ያስታውሰዋል፤ እኔ የማስታውሰው በብረቱ ነው። በር፣ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ዲፍሬንሻል እንደ ጤፍ ክምር ተከምሯል። ሻጮቹ በየመኪናው ዓይነት ተከፋፍለው ነው የሚቀመጡት፤ የፊያት ሰው ፊያትን፣ የላንድሮቨር ሰው ላንድሮቨርን። ለማንኛውም ጥያቄ መልሳቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ናሙና አለህ?» ጆንያውን ፈትቼ አሳያለሁ፤ ያገላብጡታል፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ «ሐጂ ጋ ሂዱ» ይላሉ። አምስት ሱቅ ጠይቀን አምስቱም ሐጂ ጋ ሰደዱን።

ሐጂ ከሱቃቸው በር ላይ አሮጌ ባሌስትራ ተበይዶ በተሠራ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ነጭ ኮፍያ፣ ግራጫ ጋቢና የዘይት ቀለም ገብቶበት የማይለቅ ጣት። ጋሼ ጎንበስ ብሎ «ሐጂ፣ እርስዎ ጋ ከሌለ የትም የለም ብለውኝ ነው» አለ። ሐጂ ሳይመልሱ ሲሊንደሩን ተቀበሉ፤ ትንሿን ጣታቸውን ወደ ውስጥ አስገቡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣታቸውን ቀስ አድርገው አዞሩ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«እዚህ ጋ ተበልቷል። ጎሚኒ ብቻ ብትቀይርለት ነገ ይተፋዋል።»

ዓይን ያላየውን ጣት አየው። ጋሼ እኔን አየኝና «ና፣ አንተም ሞክር» አለ። ጣቴን አስገባሁ። ከልስላሴው መሐል የሩዝ ፍሬ የምታህል ሻካራ ጉድጓድ ነበረች። በሕይወቴ ከተማርኳቸው ትምህርቶች የመጀመሪያው ይህ ነው ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ፤ ፍሬን የሚበጠሰው በሩዝ ፍሬ ነው።

ሐጂ ሻይ አስመጡልንና ልጆቻቸውን በየአቅጣጫው ላኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሲሊንደር መጣ። አንደኛውን ያመጣው ጎረምሳ «የዚል ነው፣ ለኡራልም ይሆናል» ሲል ጋሼ ሳይነካው መለሰው። ዚል 131 ፍሬኑ እስከ ጎማው ድረስ አየር ነው፤ ዘይት የሚገባበት የጎማ ሲሊንደር የለውም። ሁለተኛው ስንጥቅ ነበረበት። ሦስተኛው ንጹሕ፣ አዲስ፣ ገና ከነቅባቱ ነው፤ እኔ ደስ ብሎኝ ብድግ አልኩ። ጋሼ ወደ ብርሃን አዙሮ ጎኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አነበበ።

«ይኸ የጋዝ 66 ነው። ከኛው ያንሳል።»

እንዴት እንዳወቀ ስጠይቀው መሬት ላይ በጥፍሩ ጻፈልኝ። ሩሲያ የሠራችው መኪና ዕቃ ሁሉ ቁጥር አለው፤ መጀመሪያ የሚመጣው የመኪናው ስም ነው፣ 375 ወይም 66። ከሰረዙ በኋላ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ዕቃው የየትኛው ክፍል እንደሆነ ይናገራሉ። 10 ሞተር ነው። 16 ፍሪሲዮን ነው። 17 ካምቢዮ። «35 ካየህ ፍሬን ነው። 3501 የፊት፣ 3502 የኋላ። ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ የትም ፋብሪካ ይሠራው፣ 35 ፍሬን ነው።» ሩሲያኛ ማንበብ አይችልም ነበር። ይህችን ግን ከበረሃ ይዟት መጥቷል።

ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስማር አንድ የላዳ ታክሲ ሹፌር መንገድ ዳር ጎማ ፈትቶ ሲታገል አየሁ። አጠገቡ ያስቀመጠውን ዕቃ አንስቼ አየሁት፤ 2101 ብሎ ጀምሮ 3501 ይላል። «የፊት ፍሬን ነው» አልኩት። ቀና ብሎ «መካኒክ ነህ እንዴ?» አለኝ። ያን ሰዓት ጋሼ አጠገቤ የቆመ መሰለኝ።

ሁለተኛውን ቀን ምናለሽ ተራ አሳለፍነው። የተቆራረጠ ታንክ ሰንሰለት፣ የጥይት ሣጥን፣ የራዲያተር ነሐስ፤ የአንድ ሠራዊት ዕቃ በኪሎ ይሸጣል። ጋሼ ከብረቱ መሐል አንዳንዱን እያነሳ ስሙን ይጠራ ነበር፣ ይህ የዚህ ነው፣ ይህ የዚያ ነው፣ እያለ። ሲሊንደር ግን አልነበረም። ወደ ሐጂ ስንመለስ መሽቷል። ሐጂ ናሙናውን እንደገና ተቀብለው ትንሽ አሰቡና «አዲስ ከምትፈልግ ይኸንኑ አድነው» አሉት። ሽያጭ የሚያስቀርባቸውን ምክር ነው የሰጡት። የቶርኖ ቤት አመላከቱን።

የቶርኖ ቤቱ ባለቤት አሥመራ ከጣሊያኖች ሥር የተማሩ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሼ «አቦይ» ይላቸው ነበር። ሲሊንደሩን ማሽኑ ላይ አስረው ከማስነሳታቸው በፊት ረጅም ሰዓት ካሊፐር ይዘው ለኩ፤ እንደገና ለኩ፤ በቾክ ጠረጴዛው ላይ ጻፉ። ከዚያ የተበላውን ውስጡን ልጠው አሰፉት። ከነሐስ ቱቦ ቆርጠው ከሰፋው ቀዳዳ በፀጉር ያህል የሚወፍር ልባስ አወጡ። ሲሊንደሩን በእሳት አሞቁት፤ ብረት ሲሞቅ ይሰፋልና ነሐሱ ያለ መዶሻ ገባ፤ ሲበርድ ጨብጦ ያዘው። ከዚያ ደግሞ ውስጡን እስከ ቀድሞው ልኩ መልሰው ፋቁት፣ በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት በዘይት እያራሱ ወለወሉት። መጨረሻ ላይ ዘይቱ የሚገባበትን ቀዳዳ ከውጭ በኩል በጥንቃቄ በሱት። «ይህን የረሳ ሰው አለ። ሁሉን አሳምሮ ሠርቶ ዘይቱ መግቢያ አጣ» አሉ። ጣቴን እንዳስገባ ፈቀዱልኝ። ሻካራዋ ጉድጓድ የለችም።

ጎሚኒው ከሐጂ ተገኘ፤ ከሌላ መኪና የመጣ ቢሆንም ልኩ አንድ ነው። ሸራውን ሪቬት የሚመታ ሌላ ሰው መታልን። አሮጌውን ሸራ ሲነቅል ዱቄቱን በአፉ እፍ ይል ነበር፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ እስቅ ነበር። ያ ዱቄት አስቤስቶስ እንዳለበት፣ አስቤስቶስም የሳንባ ጠላት እንደሆነ የነገረን ሰው አልነበረም። ስንቱ ጎበዝ ባለሙያ በዚያ ዱቄት ሳለ።

የቀረው ዘይቱ ነው። ሐጂ ከሱቃቸው ጥግ የሩሲያ ጽሑፍ ያለበት ቆርቆሮ አወጡ፤ ከሥሩ የቀረችው ዘይት ቀይ ነበረች። ሶቪየቶች በዘመኑ ከሚሠሯቸው የፍሬን ዘይቶች አንዱ የጉሎ ዘይትና የአልኮል ቅይጥ ነበር። ጉሎ! እናቴ ምጣድ የምታሰስበት፣ በየአጥሩ ሥር ሳንተክለው የሚበቅለው ጉሎ። ይህ ቀይ ዘይት አሁን በየሱቁ ከሚሸጠው ከሌላው ዓይነት ጋር አይዋደድም፤ ሲደባለቁ ይለያያሉ፣ ፍሬኑም ይሞታል። የሞተር ዘይት ቢጨመር ደግሞ ጎሚኒው አብጦ ይጣበቃል። ስለዚህ አዲሱን ከመሙላታችን በፊት መላውን ቧንቧ በስፒሪቶ ማጠብ እንዳለብን ሐጂ ሁለት ጊዜ ደጋግመው ነገሩን። ቤት ስገባ ለእናቴ መኪናውን ያቆም የነበረው ጉሎ ነው ስላት እጇን ከሊጡ ላይ አንስታ «ታዲያ ጉሎው በየአጥሩ ሞልቶ ጋሼህ ለምን ይፈራል?» አለችኝ።

ሲሊንደሩን ገጥመን ከቧንቧው አየር ስናስወጣ እኔ ፔዳሉ ላይ ነበርኩ። ሞተሩ ይሠራል፣ አየሩ ሞልቷል፤ ጋሼ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ይጮኻል፦ «ያዝ!» እረግጣለሁ። «ልቀቅ!» እለቃለሁ። ዘይቱ መጀመሪያ በአረፋ፣ ቀጥሎ እየቆራረጠ፣ መጨረሻ ላይ ጥርት ያለ ክር ሆኖ ሲወጣ ከሥር የጋሼ ድምፅ ተለወጠ። «በቃ» አለ። ያቺ ቃል እንደዚያ ቀን ጣማኝ አታውቅም። በሳምንቱ አጠና ጭነን ጣርማ በርን ወረድን። ደብረ ሲና ላይ ቆመን ወርጄ ግራ ጎማውን በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነበር። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ጭነን ተመለስን።

ዕቃ ፍለጋ በዚያ ዘመን ሰው ፍለጋ ነበር። ሱቁ ሰውን ያውቃል፣ ሰውየው ጣቱን ያውቃል፣ ጣቱ ብረቱን። ዛሬ በዚያው መንገድ የሚወርደው ሲኖትራክና አይሱዙ ነው፤ ዕቃው በካርቶን ታሽጎ ይመጣል፣ የተበላው ይጣላል፣ አዲሱ ይገጠማል። ይህ መጥፎ ነው አልልም፤ ብዙ ነፍስ አድኗል። ግን የሩዝ ፍሬ የምታህል ጉድጓድ በጣቱ የሚያገኝ ሰው አሁን ማን አለ? አቦይ ያን ሁሉ የለኩበትን ልክ የጻፉት ጠረጴዛ ላይ በቾክ ነበር፤ ማታ ሱቁ ሲጠረግ አብሮ ተጠርጓል። ሐጂ ዐርፈዋል። አቦይም። የሁለቱንም ዕውቀት ወረቀት ላይ ያሰፈረ የለም፤ ይህ ከማንኛውም የብረት ኪሳራ ይልቅ ያስቆጨኛል።

የኡራሎቹም ዕጣ ያው ነው። ቤንዚኑ ሲወደድ አንድ በአንድ ቆሙ፤ የቆመው ተቆራረጠ፤ የተቆራረጠው ቀለጠ። ከካራማራ የተመለሰ ብረት የቤት ምሰሶ ፌሮ ሆኗል። የጋሼ መኪና በ2002 ዓ.ም. ቆመ። ጋሼ ሊሸጠው እምቢ ብሎ በግቢው ባሕር ዛፍ ሥር አቆመው፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሞተሩን እያስነሳ አየሩ እስኪሞላ ይጠብቅ ነበር። በ2009 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ አንድ ቅዳሜ አላጎደለም።

አምና የአጎቴ ልጅ መኪናውን ዳግም መንገድ ላይ ለማውጣት ወሰነ። ሞተሩ ተነሳ። ጎማዎቹን ስንፈታ ስድስቱንም በጣቴ ዳሰስኩ። አቦይ ነሐስ ያለበሱት የፊት ግራው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም እንደ መስታወት ነው፤ አንዲት ጠብታ አላንጠባጠበም። የፊት ቀኙ ግን ተሰንጥቋል፣ ስንጥቅ ደግሞ በነሐስ አይድንም። ሶማሌ ተራ ሁለት ጊዜ ናሙናውን ይዤ ተመላለስኩ። ከሻጮቹ ወጣት የሆኑት ኡራል የሚለውን ስም የሰሙት ከአባቶቻቸው ነው።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ አባታችሁ ወይም አጎታችሁ በሠራዊቱ ውስጥ ሹፌር ወይም መካኒክ የነበረ፦ ከቤታችሁ ጓሮ፣ ከአልጋ ሥር፣ ከቆጥ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ብረት ካለ፣ «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ በደጃችሁ ሲያልፍ አውጥታችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ዝገቱን በጨርቅ ጠርጉና ቁጥሩን እዩት። 375 ብሎ ጀምሮ 35 የሚል ከሆነ አትሽጡት። ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚጠብቀው መኪና አለ።